በመስታወት ገንዳ የሚኖሩ እንስሳት አመጋገብና የውሃቸው ንጽሕና

ከማንበባችሁ በፊት

ከዚህ ቀጥሎ የቀረበው ምንባብ ገላጭ ድርሰት ነው። ገላጭ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና ለምን እንዲያ እንደሚሆን በቅደም ተከተል የሚያስረዳ የጽሑፍ ዓይነት ነው። ስታነቡ እያንዳንዱ መመሪያ ከምክንያቱ ጋር እንዴት እንደ ተያያዘ ልብ በሉ።

ምንባብ

በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አሜሪካ ብዙ ሰዎች ኒውት የሚባል ትንሽ ባለጅራት እንስሳ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ያሳድጋሉ። ኒውት መልኩ እንሽላሊት ይመስላል። ነገር ግን ቆዳው ቅርፊት የሌለው፣ ለስላሳና እርጥብ ስለ ሆነ ወገኑ ከእንቁራሪት ነው። እንቁራሪት፣ ጉርጥና ኒውት በአንድነት እንቁራሪት አስተኔዎች ተብለው ይጠራሉ። ኒውት የተቆረጠ እግሩን መልሶ የማብቀል ችሎታ አለው። ኢጣሊያዊው ላዛሮ ስፓላንዛኒ እ.ኤ.አ. በ1768 ስለ እነዚህ እንስሳት መልሶ የማብቀል ችሎታ ጽፎ ካሳተመ ወዲህ የሳይንስ ሰዎች ሲመራመሩበት ኖረዋል።

ኒውትና ዘመዱ ሳላማንደር በአፍሪካ የሚገኙት በሰሜኑ ጫፍ፣ ማለትም በሞሮኮ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ ብቻ ነው። ከሰሐራ በረሓ በስተደቡብ አይኖሩም። እንግዲህ የአሰላ ወይም የበቆጂ ተማሪ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ እስከ ከታር ወንዝ ዳር ቢፈልግ ኒውት አያገኝም። ይሁን እንጂ የኒውትን ጠባይ የሚያስተምሩ ሁለት እንስሳት በአገራችን አሉ።

የመጀመሪያው ጥፍራሙ እንቁራሪት ነው። ይህ እንስሳ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋማ ቦታዎች የሚገኝ ሲሆን፣ እንደ ሌሎቹ እንቁራሪቶች ወደ የብስ እየወጣ አይዘልም፤ ዕድሜውን የሚያሳልፈው በውሃ ውስጥ ነው። በኋላ እግሩ ሦስት ጣቶች ላይ ጥቁር ጥፍር አለው፤ ምላስ ግን የለውም። የደቡብ አፍሪካው ዘመዱ በዓለም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሐኪሞች አንዲት ሴት ማርገዟንና አለማርገዟን ለማወቅ በእርሱ ይጠቀሙ ነበር። የሴትየዋ ሽንት በእንስት እንቁራሪት ሰውነት ውስጥ ሲገባ፣ ሴትየዋ እርጉዝ ከሆነች እንቁራሪቷ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ እንቁላል ትጥላለች። እንግሊዛዊው ጆን ገርደንም በዚሁ እንስሳ ላይ ባደረገው ምርምር ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2012 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል።

ሁለተኛው የእንቁራሪት እጭ ነው። ክብ ራስና ረጅም ጭራ ያለው፣ በክረምት በየኩሬውና በየቦዩ ሲርመሰመስ የምታዩት ጥቁር ፍጡር እርሱ ነው። ትምህርት ቤት በመስከረም ሲከፈት ኩሬዎቹ ገና ስላልደረቁ ለክፍል ጥናት አመቺ ነው። ጥፍራሙ እንቁራሪት ግን በተፈጥሮ ቦታው ቢቀር ይመረጣል፤ ምክንያቱም አንዱ ዝርያ ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ባሉት ደቡባዊ ደጋዎች ብቻ ተወስኖ የሚኖር ነው። እጮችንም ቢሆን የዱር እንስሳት ስለ ሆኑ በባዮሎጂ መምህራችሁ ፈቃድና መሪነት ካልሆነ በቀር አትያዙ።

ገንዳውን ማዘጋጀት

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ እንስሳውን ይዞ መጥቶ ማስቀመጫ መፈለግ ለጥፋት ይዳርጋል። አስቀድሞ መዘጋጀት ያለበት ገንዳው ነው።

የመስታወት ገንዳ ከሌለ ሰፊ የፕላስቲክ ሳፋ ይበቃል። የሚያስፈልገው ጥልቀት ሳይሆን ስፋት ነው፤ አየር ወደ ውሃ የሚገባው በላዩ ገጽ በኩል ነውና። ይህ ጉዳይ በአርሲ ደጋ የበለጠ ያሳስባል። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። የሙቀቱ መጠን አንድ ዓይነት ከሆነ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። መልካሙ ነገር ቀዝቃዛ ውሃ ከሞቃት ውሃ ይልቅ ኦክሲጅን የመያዝ ችሎታ ያለው መሆኑ ነው። ስለሆነም ገንዳው ብርሃን ባለበት፣ ግን የቀትር ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ስፍራ ይቀመጥ።

የቆርቆሮ ባልዲና የመዳብ ዕቃ አይሆኑም። ከቆርቆሮው ልባጥ የሚወጣው ዚንክና ከመዳቡ የሚወጣው መዳብ ለሰው የማይታወቅ መጠን ቢሆንም እንኳ እጩን ይገድላል። የቧንቧ ውሃም ለጀርሞች መግደያ ክሎሪን የተጨመረበት ስለ ሆነ፣ አፉ ክፍት በሆነ ዕቃ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ሳይቆይ ወደ ገንዳው አይግባ። ከሁሉ የሚሻለው እጮቹ የተገኙበትን የኩሬ ውሃ ከነጥቂት ድንጋዩና ከነውሃ ተክሉ ማምጣት ነው። የዚህን ምክንያት ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

የእጮቹ ብዛት ይመጠን። 20 ሊትር ውሃ ለሚይዝ ሳፋ 20 ትናንሽ እጮች ይበቃሉ። የኋላ እግር ማብቀል ሲጀምሩ ቁጥራቸውን ወደ 10 ዝቅ ማድረግና የቀሩትን ወደ መጡበት ኩሬ መመለስ ያስፈልጋል።

አመጋገብ

አብዛኛው የእንቁራሪት እጭ በሕፃንነቱ ዕፀዋት በል ነው። በትናንሽ የአፉ ጥርሶች በድንጋይ ላይ የበቀለውን አልጌ እየፋቀ ይመገባል። በገንዳ ውስጥ አልጌ ሲያልቅበት የሰላጣ ወይም የጎመን ቅጠል ይሰጠዋል። ቅጠሉ በደንብ ይታጠባል፤ እስኪለሰልስ ድረስ በውሃ ብቻ ይቀቀላል፤ ከዚያም ይቀዘቅዛል። ጨው፣ ዘይትና በርበሬ ሊነካው አይገባም። ለአሥር እጮች አውራ ጣት የሚያህል ቁራጭ በቀን አንድ ጊዜ ይበቃል። በማግስቱ ያልተበላ ከተገኘ ይወጣል፤ የሚቀጥለውም ቁራጭ መጠን ይቀነሳል።

እንጀራ፣ ዳቦና ቆሎ መስጠት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። እንጀራና ዳቦ በውሃ ውስጥ ፈርሰው ይቦካሉ። ሲቦኩም የውሃውን ኦክሲጅን ይጨርሳሉ። እጩ ሲያድግና እግር ማውጣት ሲጀምር ጥቂት ሥጋ ነክ ምግብ ስለሚፈልግ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ከምድር ትል የተቆረጠ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ቁራሽ ቢሰጠው ይጠቅመዋል።

ጥፍራሙ እንቁራሪትም ሆነ ኒውት ካደጉ በኋላ ሥጋ በል ናቸው። በቤተ ሙከራ የሚያሳድጓቸው ሰዎች በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ የምድር ትል፣ የውሃ ነፍሳት እጭ ወይም ስብ የሌለው ጥሬ ሥጋ በትንሽ በትንሹ ይሰጧቸዋል። ጥፍራሙ እንቁራሪት ምላስ ስለሌለው ምግቡን በሁለት የፊት እጆቹ ወደ አፉ እየገፋ ሲያስገባ ማየት እጅግ ያስገርማል። የሚሰጠው መጠን በሩብ ሰዓት ገደማ ተበልቶ የሚያልቀውን ያህል ነው። የተረፈው ወዲያውኑ ይወጣል።

ትሉ ከየት እንደ መጣም ማወቅ ይገባል። አርሲ የስንዴና የገብስ አገር እንደ መሆኑ መጠን ጸረ አረምና ጸረ ተባይ መድኃኒት የሚረጭበት ማሳ ብዙ ነው። መድኃኒት ከተረጨበት ማሳ ወይም ከእርሱ ከሚወርድ ቦይ ትልም ውሃም አይወሰድም።

ምግብ እንዴት መርዝ ይሆናል?

አንድ ተማሪ እጮቹን ስለ ወደዳቸው ጠዋት ያበላቸዋል፤ ሌላው ደግሞ የጓደኛውን ማብላት ሳያውቅ ከሰዓት በኋላ ይደግማል። ውሃው ለጥቂት ቀናት ጥሩ መስሎ ይቆያል። ከዚያም አንድ ቀን ጠዋት እጮቹ ሁሉ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈው ይገኛሉ። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ማለት ይህ ነው። እንዲህ ያለው አደጋ የሚደርሰው በጭካኔ ሳይሆን በደግነት ነው፤ ስለዚህ ምክንያቱን መረዳት ግዴታ ነው።

እንስሳው የበላው ምግብ ኩስ ይሆናል፤ ያልበላውም ይበሰብሳል። ከሁለቱም አሞኒያ የሚባል ንጥረ ነገር ይወጣል። አሞኒያ በዐይን አይታይም፤ ውሃው ጥርት ብሎ ሳለ እንኳ መርዝ ሊሆን ይችላል። በትልቅ ኩሬ ውስጥ ዕፀዋቱና ዝናቡ ይቀንሱታል። በ20 ሊትር ሳፋ ውስጥ ግን መሄጃ የለውም። የእንቁራሪት አስተኔዎች ቆዳ ስስና ውሃ አሳላፊ ስለ ሆነ በውሃው ያለው መርዝ በቀላሉ ወደ ሰውነታቸው ይገባል።

ተፈጥሮ ለዚህ መፍትሔ አበጅታለች። በድንጋይ፣ በጠጠርና በውሃ ተክል ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ናይትሬት ግን ጉዳቱ በጣም ያነሰ ነው። ይህን ሥራ የሚሠሩትን ባክቴሪያዎች ለይቶ ያሳየው ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1890 ገደማ ነበር።

የአርሲ ገበሬ ይህን ለውጥ በስም ባያውቀው በሥራ ያውቀዋል። ማዳበሪያን ለአነስተኛ ገበሬዎች በስፋት ያስተዋወቀው በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር እ.ኤ.አ. በ1967 በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ነበር። በማሳው ላይ የሚበተነው ዩሪያ በአፈሩ ውስጥ በመጀመሪያ ወደ አሞኒያ፣ በኋላም ወደ ናይትሬት ተለውጦ ስንዴውን ይመግባል። እንግዲህ ስንዴን የሚያፋፋው ንጥረ ነገር በሳፋ ውስጥ ሲጠራቀም እጩን ይገድላል ማለት ነው። ከገንዳ የሚወጣው አሮጌ ውሃም ለጓሮ አትክልት ጥሩ ማዳበሪያ ስለሚሆን አይደፋ።

ከላይ የኩሬውን ድንጋይ አምጡ የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። ባክቴሪያዎቹ የሚመጡት ከድንጋዩ ጋር ነው። በአዲስ ገንዳ ውስጥ ከምንም ተነሥተው እስኪበዙ ብዙ ሳምንታት ይወስድባቸዋል፤ በደጋ ቅዝቃዜ ደግሞ ከዚያም ይዘገያሉ።

የጽዳት ሥርዓት

ጽዳት ሲባል ሁሉን ነገር አውጥቶ መፈተግ የሚመስላቸው አሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ድንጋዩንና ጠጠሩን ፈትጎ ያጠበ ሰው ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች አብሮ ያጥባቸዋል። ገንዳው ለዐይን ያማረ ይሆናል፤ አሞኒያው ግን የሚለውጠው ስለሌለ ይጠራቀማል። ትክክለኛው ሥርዓት የሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ፣ በየቀኑ ትርፍራፊ ምግብና የሞተ እጭ በሻይ ማጥለያ ይለቀማል። አንድ የሞተ እጭ አንድ ሌሊት ቢያድር ለቀሩት መርዝ ይሆናልና።

በሁለተኛ ደረጃ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ የውሃው አንድ አራተኛ ይለወጣል። ለ20 ሊትር ሳፋ ይህ 5 ሊትር ነው። በውሃው ውስጥ 100 እጅ ቆሻሻ ቢኖር ከመጀመሪያው ለውጥ በኋላ 75፣ ከሁለተኛው በኋላ 56 እጅ ገደማ ይቀራል። ሁሉን ባንድ ጊዜ መለወጥ ግን የውሃውን ሙቀትና ጠባይ በድንገት ስለሚቀይር እንስሳውን ያስደነግጠዋል። አዲሱም ውሃ ከገንዳው ጋር በአንድ ክፍል አድሮ ሙቀቱ እኩል መሆን አለበት።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ውሃው የሚወጣው ዝቃጩ ካለበት ከታች ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ቀጭን የጎማ ቱቦ ነው። ቱቦው በንጹሕ ውሃ ይሞላና ሁለቱም አፎቹ በጣት ይደፈናሉ። አንዱ አፍ በገንዳው ውስጥ፣ ሌላው ከገንዳው ዝቅ ብሎ በተቀመጠ ባልዲ ውስጥ ሆኖ ጣቶቹ ሲነሡ ውሃው በራሱ ይወርዳል። የታችኛው አፍ ከገንዳው ውሃ ገጽ ዝቅ እስካለ ድረስ መውረዱን አያቋርጥም። ቱቦውን በአፍ መሳብ ለበሽታ ስለሚዳርግ ክልክል ነው።

በአራተኛ ደረጃ፣ ሳሙና፣ ኦሞ፣ በረኪናና እንዶድ ወደ ገንዳው አይቅረቡ። እንዶድን በሚመለከት ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ያስተዋሉትን ማስታወስ ይጠቅማል። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ወንዝ ውስጥ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ይህ ግኝት በሽታውን ለመከላከል ተስፋ ሰጥቷል። ነገር ግን ቀንድ አውጣውን የገደለው እንዶድ ዓሣንም የእንቁራሪት እጭንም ይገድላል። መስታወቱን ለማጽዳት ንጹሕ ጨርቅና ንጹሕ ውሃ ይበቃሉ።

ስለ እጆቻችሁም ልብ በሉ። ገንዳውን ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን በውሃ ብቻ ደጋግማችሁ ተለቃለቁ፤ የሳሙና ወይም የቅባት ቅሪት ለእጩ ጎጂ ነው። ከጨረሳችሁ በኋላ ግን በሳሙና በደንብ ታጠቡ፤ በእንቁራሪት አስተኔዎች ላይ ለሰው ሆድ ሕመም የሚሆኑ ባክቴሪያዎች ይገኛሉና። እጭ ስታጠምዱም በመረብ ከዳር ሆናችሁ እንጂ ውሃ ውስጥ ገብታችሁ አይሁን። በተለይም ቆላማ በሆነው በዝዋይ ሐይቅ አካባቢ ቢልሃርዝያ መኖሩ የታወቀ ነው።

ጭራው ሲያጥር

እጩ መጀመሪያ የኋላ እግሮቹን፣ ቀጥሎ የፊት እግሮቹን ያወጣል። ከዚያ በኋላ ጭራው እያጠረ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ መመገብ ያቆማል፤ ሰውነቱ የሚኖረው ጭራውን ቀስ በቀስ እየሰለቀጠ ነውና ያለመብላቱ አያስጨንቃችሁ። የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። እጩ በስንጥብ መተንፈሱን ትቶ በሳንባ መተንፈስ ስለሚጀምር፣ ከውሃው የሚወጣበት ድንጋይ ካላገኘ ሰምጦ ይሞታል። ወራት የለፉበትን እንስሳ በመጨረሻው ሳምንት ማጣት እጅግ ያሳዝናል። ስለዚህ የፊት እግር እንደ ታየ የውሃውን ጥልቀት ቀንሱ፤ ከውሃው በላይ የሚወጣ ዘቅዘቅ ያለ ድንጋይ አስገቡ፤ ገንዳውንም አየር በሚያስገባ ወንፊት ክደኑ።

ወደ መጣበት መመለስ

ያደጉት እንቁራሪቶች የሚመለሱት ወደ መጡበት ኩሬ እንጂ ወደ ሌላ አይደለም። ምክንያቱ ከባድ ነው። የእንቁራሪት አስተኔዎችን ቆዳ የሚያጠቃ አንድ የሻጋታ ወገን በዓለም ላይ ተሰራጭቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ በዚህ በሽታ ምክንያት ቢያንስ 501 ዝርያዎች ቁጥራቸው መመናመኑንና ከእነርሱ ውስጥ 90ዎቹ ጨርሰው ሳይጠፉ እንዳልቀሩ ገልጿል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ሻጋታው በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች በብዙ ዝርያዎች ላይ መገኘቱን አስታውቋል። በእነዚህ ደጋዎች በሌላ በየትኛውም የዓለም ክፍል የማይገኙ እንቁራሪቶች ይኖራሉ። ከአንዱ ኩሬ ወደ ሌላው የሚወሰድ አንድ እንቁራሪት፣ አንድ ባልዲ ውሃ ወይም አንድ እርጥብ መረብ በሽታውን ሊያዛምት ይችላል። ስለዚህ መረቡና ባልዲው ከአንድ ኩሬ ወደ ሌላው ከመወሰዳቸው በፊት ታጥበው በፀሐይ ፈጽመው ይድረቁ። የታመመ እንስሳ የታየበት ገንዳ ካለም ሳይመለስ ለመምህር ይነገር።

መዝገብ መያዝ

በመጨረሻ፣ ከገንዳው አጠገብ አንድ ደብተር ይቀመጥ። በየቀኑ ቀኑ፣ የውሃው ሙቀት፣ የተሰጠው ምግብ፣ የተለወጠው ውሃ፣ የሞተው እጭ ቁጥርና የተረኛው ተማሪ ስም ይጻፍበት። ከላይ የተነገረው የድርብ ማብላት አደጋ የሚቀረው በዚህ ደብተር ነው። ሁለተኛው ተማሪ የመጀመሪያውን ጽሑፍ አንብቦ እጁን ይሰበስባል። «ትንሽ ምግብ ሰጠሁ» ብሎ መጻፍ ግን ለማንም አይጠቅምም። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ አውራ ጣት የሚያህል የተቀቀለ ጎመን» ብሎ የጻፈ ተማሪ ግን የእጮቹን ሕይወት ጠብቋል። ግልጽ አድርጎ መጻፍ ለፈተና ውጤት ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ራሱን ችሎ መናገር የማይችል ፍጡር የሚጠበቅበትም መንገድ ነው።

መልመጃ

ሀ. ምንባቡን መሠረት በማድረግ መልስ ስጡ።
1. በአርሲ ደጋ ኒውት የማይገኘው ለምንድን ነው?
2. ገንዳውን ፈትጎ ማጠብ እጮቹን የሚጎዳው እንዴት ነው?
3. ዩሪያ ለስንዴ የሚሰጠውን ጥቅምና አሞኒያ በእጭ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አነጻጽሩ።
4. እንቁራሪቶቹ ወደ መጡበት ኩሬ ብቻ መመለስ ያለባቸው ለምንድን ነው?

ለ. የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ የያዙትን ፍቺ ጻፉ፤ ከዚያም በዐረፍተ ነገር አስገቡ።
ልባጥ፣ ዝቃጭ፣ መመናመን፣ ማዛመት፣ ተረኛ

ሐ. ከምንባቡ ውስጥ ምክንያትን የሚያመለክቱ «ስለ»፣ «ምክንያቱም» እና «ነውና» የሚገኙባቸውን ዐረፍተ ነገሮች አውጡ። በእያንዳንዱ ውስጥ ምክንያቱ ከውጤቱ በፊት ወይስ በኋላ እንደ ተቀመጠ አመልክቱ።

መ. በቤታችሁ ወይም በአካባቢያችሁ ስለሚረባ አንድ እንስሳ አመጋገብና ንጽሕና ከሦስት አንቀጽ ያላነሰ ገላጭ ድርሰት ጻፉ። ለምትሰጡት ለእያንዳንዱ መመሪያ ምክንያቱን አብራችሁ አስረዱ።